ጎባጣ ላሜራ በምን ይያዛል? ከመርከብ ሠሪዎች ሰገነት እስከ ኮምፒውተር ስክሪን

የነዳጅ ቦቴ መሰላል የሚነደፍበትን ጠረጴዛ እናስብ። ወጣቷ ንድፍ ሠሪ የቦቴውን ገላ በኮምፒውተሯ ሠርታ ጨርሳለች፤ ወርዱ ሰፋ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ እንቁላል መሳይ ላሜራ ነው። የመሰላሉን እግር የሚሸከመውን ብራኬትም ለብቻው ሠርታለች። የቀራት ሁለቱን ማገናኘት ነው። የብራኬቱን ፊት ትነካለች፣ የቦቴውን ጎን ትነካለች፣ አጣብቅ ብላ ታዛለች። ፕሮግራሙ እሺ ይላል። ብራኬቱን በማውስ ስትጎትተው ግን ሳሙና እንደተቀባ ሁሉ ላሜራው ላይ ተንሸራቶ ከቦቴው ሆድ ሥር ይገባል። ሌላ ትእዛዝ ስትሞክር ቀይ ምልክት ይወጣል፤ ግንኙነቱ አይቻልም ትባላለች። ጠፍጣፋ ላይ ቢሆን በሁለት ደቂቃ የሚያልቀው ሥራ ከሰዓት በኋላዋን ሙሉ ይበላዋል።

እንዲህ ሲሆን የሚወቀሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ነው። ችግሩ ግን ከኮምፒውተር በብዙ ዘመን ይቀድማል። መርከብ ሠሪው፣ ሐውልት ቀጥቃጩ፣ አውሮፕላን ገጣጣሚው ሁሉም ተጋፍጠውታል። መሣሪያቸው ቢለያይም የደረሱበት ብልሃት አንድ ነው፦ ጎባጣ ነገር በራሱ ጉብጠት አይያዝም፤ የሚያዘው ከጎኑ ወይም ከውስጡ በተዘረጋ ቀጥ ያለ ነገር ነው። ይህ ዳሰሳ የዚያን ብልሃት መንገድ ይከተላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስድስቱ ነጻነቶች

በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዕቃ ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፤ በእነዚሁ በሦስቱ አቅጣጫዎች ዙሪያም ይሽከረከራል። ዕቃን ቦታ ማስያዝ ማለት ስድስቱንም አንድ በአንድ መንፈግ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ሬሎ በ1875 ባሳተመው የማሽን እንቅስቃሴ መጽሐፍ የማሽን አካላትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መደባቸው። ገጽ ለገጽ የሚነካኩትን ከአንድ ወገን፣ በነጥብ ወይም በመስመር ብቻ የሚነካኩትን ከሌላ ወገን አስቀመጠ። ዛሬ በኮምፒውተር ንድፍ ውስጥ ዕቃ ከዕቃ የምናገናኝባቸው ትእዛዞች በመሠረታቸው የእሱ ጥንዶች ናቸው።

ሒሳቡ ከቤት ዕቃም ይገባል። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ መጽሐፍ ሦስት ነጻነት አጥቷል፤ ይንሸራተታል፣ ባለበት ይዞራል እንጂ አይዘምም፣ ከጠረጴዛው ጋር እስከተጣበቀም አይነሳም። ጣት ላይ የገባ ቀለበት አራት አጥቷል፤ የቀረው በጣት ርዝመት መሄድና መዞር ነው። ትሪ ላይ የተቀመጠ ኳስ ያጣው ግን አንዱን ብቻ ነው። ጠፍጣፋው የብራኬት ፊት የቦቴውን ጎን ሲነካ ሁኔታው ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ኳሱ ይቀርባል፤ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚነካው ብዙ ነጻነት ይተርፈዋል። ክብ ቱቦ ቢሆን ኖሮ መሐሉ ላይ የተሰወረ ዘንግ ስለሚኖረው ፕሮግራሙ ያንን ዘንግ አግኝቶ እንደ ቀለበቱ ያስረው ነበር። እንቁላል መሳይ ገላ ግን ከየቦታው እኩል የሚርቅ አንድ መሐል የለውም፤ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ የክብ ለክብ ትእዛዝ እምቢ የሚለውም ስለዚህ ነው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀው የሌለ ነገር ነው።

ሰገነቱ ላይ የተሰመረው መርከብ

በጎባጣ ገላ ላይ አድራሻ መስጠትን ቀድመው የተካኑት መርከብ ሠሪዎች ናቸው። የመርከብ ጎን በሁለት አቅጣጫ ይጎብጣል፤ በየትኛውም ቦታው ስኳድራ አይቀመጥበትም። ሠሪዎቹ ስለዚህ መርከቡን በሐሳብ ይቆራርጡታል። ከፊት ወደ ኋላ በተራራቁ ቋሚ ግድግዳዎች ሲቆርጡት ስቴሽን ይሉታል፤ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ አድርገው በአግድም ሲቆርጡት የውሃ መስመር፤ ከመሐል አከርካሪው በግራና በቀኝ ሲቆርጡት ደግሞ ሦስተኛ መስመር ያገኛሉ። በገላው ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ በእነዚህ ይጠራል፦ በዚህ ስቴሽን፣ በዚህ የውሃ መስመር ከፍታ። ጎባጣው ገላ ራሱ አይለካም፤ የሚለካው ጎባጣው ከቀጥተኛው ጋር የተቋረጠበት ቦታ ነው። የእኛ ግንበኛ በቱንቢና በውሃ ልክ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

እነዚህ መስመሮች በእውነተኛ መጠናቸው የሚሰመሩት በመርከብ መሥሪያው ሰገነት ሰፊ የእንጨት ወለል ላይ ነበር። ቀጭን ተጣጣፊ የእንጨት ዘንግ ያጎብጡና እንዳይንቀሳቀስ ዳክዬ የሚሏቸውን የእርሳስ ክብደቶች ይጭኑበታል፤ ከዚያ ጠርዙን ተከትለው ያሰምራሉ። ዘንጉ ስፕላይን ይባላል። የሒሳብ ሊቁ አይዛክ ሾንበርግ በ1946 ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸውን የሒሳብ መስመሮች በዚሁ ስም ጠራቸው። በእንግሊዝኛ ሎፍት ማለት ሰገነት ነው፤ ዛሬ በንድፍ ፕሮግራሞች ውስጥ ከተለያዩ ቁርጦች ጎባጣ ገላ የሚያወጣው ትእዛዝ ሎፍት የተባለው ከዚያ የእንጨት ወለል ተወርሶ ነው።

ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የማይሞላ መዳብ

በጎባጣ ላሜራ ላይ አጥንት የማሰር ጥበብ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ኒውዮርክ ወደብ ላይ ቆሟል። የነጻነት ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1886 ነው። ቆዳው 2.4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መዳብ ሲሆን ፓሪስ ውስጥ በእንጨት ፎርማ ላይ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ነው የተቀረጸው። ቀራጩ ፍሬዴሪክ ኦጉስት ባርቶልዲ ቅርጹን ከትንሽ የጀሶ ሞዴል ደረጃ በደረጃ እያሳደገ፣ ልኩን ነጥብ በነጥብ እያሻገረ ወደ ሙሉ መጠኑ አደረሰው።

የቀረው ጥያቄ ይህ የተጨማደደ የመዳብ ልብስ ከምን ጋር ይታሰር የሚለው ነበር። መልሱ የመጣው ከመሐንዲሱ ጉስታቭ ኤፍል መሥሪያ ቤት ነው። መሐሉ ላይ አራት እግር ያለው ቀጥ ያለ የብረት ማማ ቆመ፤ ከማማው ቀጥተኛ ብረቶች ወደ ውጭ ተዘረጉ፤ ጫፋቸው ላይ የመዳቡን ቅርጽ ተከትለው የታጠፉ ጠፍጣፋ ብረቶች መጡ። ብልሃቱ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጠፍጣፋዎቹ ብረቶች በመዳቡ ላይ አልተቸነከሩም። ከመዳቡ ጋር በሪቬት የተያያዙት ብረቱን እንደ ኮርቻ አቅፈው የሚይዙ የመዳብ ማቀፊያዎች ናቸው፤ ብረቱ በማቀፊያው ውስጥ ትንሽ ይንሸራተታል። ፀሐይ ሲያገኘው መዳቡ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ነጻነት ቢነፈገው ይቀደድ ነበር። ኤፍል የሚከለክለውን እንቅስቃሴ ከሚፈቅደው ለይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ሥራው እንከን አላጣም። ብረትና መዳብ እንዳይነካኩ የተደረገው መለያ ከጊዜ ጋር አልቆ ብረቱ ዛገ፤ ዝገቱም አብጦ ማቀፊያዎቹን ከቆዳው ገነጠለ። ከ1984 እስከ 1986 በተደረገው እድሳት የታጠፉት ብረቶች በማይዝግ ብረት ተተኩ። የቀጥተኛው ማማ ሐሳብ ግን እንዳለ ቀረ።

የኦቾሎኒው ወረቀትና ኳሱ

ላሜራን ከሌላው ጎባጣ የሚለየው ነገር አለ፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ተወልዶ በኋላ የሚጎብጥ መሆኑ ነው። የመንገድ ዳር ሻጭ ኦቾሎኒ የምትጠቀልልበት ጋዜጣ ሾጣጣ ይሆናል፤ ሲፈታ ተመልሶ ጋዜጣ ነው፣ አልተለጠጠም፣ አልተቀደደም። በዚያው ጋዜጣ ኳስ ለመጠቅለል የሞከረ ልጅ ግን መጨማደዱን ማስቀረት አይችልም። የሒሳብ ሊቁ ሌናርድ ኦይለር በ1772 ሳይለጠጡ ወደ ጠፍጣፋ የሚዘረጉ ገጾችን ባሕርይ መረመረ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1827 ምክንያቱን አሳየ፤ ገጹ ሳይለጠጥ ቢታጠፍ የማይለወጥ የጉብጠት ልክ አለ፤ የጠፍጣፋው ልክ ዜሮ ነው፣ የኳሱ ግን አይደለም።

ለላሜራ ሠሪ ይህ የዕለት እንጀራ ነው። ቦቴው እንደ ኦቾሎኒው ወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ የብራኬቱ ቀዳዳ ላሜራው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ሊሰመርበት ይችላል። የቦቴው ጫፍ መክደኛ ግን ወደ ኳስ ስለሚያደላ ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው፤ ቀድሞ የተበሳበት ቀዳዳ ቦታውንም ቅርጹንም ይስታል። በጥቅሉ ላይም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭ ፊቱ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል፤ ርዝመቱ የማይለወጠው መሐል ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ከውስጥ በኩል ከውፍረቱ ሲሶ እስከ ግማሽ ባለው ውስጥ ይገኛል። የዝርጉን ልክ ከዚህ መስመር ሳይሆን ከውጭ ፊት የወሰደ ሰው ቀዳዳዎቹ አይገጥሙለትም።

ከሰገነት ወደ አውሮፕላን

አውሮፕላን ሠሪዎች የመርከብ ሠሪዎቹን ቋንቋ እንዳለ ወረሱ። በአየር የሚበር ነገር ላይ ዛሬም ስቴሽንና የውሃ መስመር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጥገና መጻሕፍት የአንድን ሪቬት ቦታ የሚነግሩት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት የሲ-47 አውሮፕላን ቀጭን የአሉሚኒየም ቆዳው በሪቬት ከአጥንቱ ጋር የተሰፋ ነበር። የዚያን ጊዜውም የዛሬውም መካኒክ የተጎዳ ቆዳ ሲተካ ከቆዳው አይጀምርም፤ ከስቴሽኑ ይጀምራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሰገነቱ ራሱ አልበቃ አለ። አንድ አውሮፕላን በብዙ ፋብሪካ ሲሠራ ወለል ላይ የተሰመረውን መስመር ይዞ መዞር አይቻልም። በኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የሠራው ሮይ ላይሚንግ የእንጨት ዘንጉን በሒሳብ ተካው። የፒ-51 ማስታንግ ተዋጊ አውሮፕላንን ገላ ቅርጽ ለመወሰን ሾጣጣን በመቁረጥ የሚገኙትን ጎባጣ መስመሮች ተጠቀመ፤ ዘዴውንም በ1944 በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በገላው ላይ ያለ ነጥብ ወለል ላይ መፈለጉ ቀርቶ በስሌት የሚገኝ ሆነ። ቁጥር ደግሞ ከወለል ወደ ወለል ሲሻገር አይጣመምም።

ማሽኑ መስመር መያዝ ሲማር

ቀጣዩ እርምጃ የፈረንሳይ መኪና ፋብሪካዎች ነው። በሲትሮኤን ፖል ደ ካስትልዦ በ1959፣ በሬኖ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ ጥቂት ቆየት ብሎ፣ የመኪናን ጎባጣ ቆዳ በጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚገዛ ሒሳብ ላይ ደረሱ። የደ ካስትልዦ ሥራ በፋብሪካው ምሥጢርነት ለዓመታት ተሸፍኖ ስለቆየ መስመሮቹ በቤዚዬ ስም ይጠራሉ። ነጥቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው ላይ አይደሉም፤ ከቆዳው ውጭ ቆመው እየጎተቱ ቅርጽ ይሰጡታል። ነጥብ ከነጥብ የሚያያይዘውም ቀጥታ መስመር ነው።

ዕቃን ከዕቃ ማሰርን ለማሽን ያስተማረው ግን አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ ነው። በ1963 በኤምአይቲ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ሥራ ሰው በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪን ላይ እንዲስል አስቻለ። ሰውየው መስመሮቹን እንደነገሩ ስሎ እነዚህ ትይዩ ይሁኑ፣ ይህ ነጥብ እዚያ መስመር ላይ ይዋል ይላል፤ ማሽኑ ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ ሁሉንም ትእዛዝ የሚያሟላ መልስ ይፈልጋል። ዛሬም አጣብቅ ስንል የሚሆነው ይኸው ነው። ፕሮ ኢንጂነርና ሶሊድወርክስ የተባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች፣ የመጀመሪያው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሁለተኛው በ1995 ሲመጡ ይህ ችሎታ ወደ ተራው ንድፍ ሠሪ ጠረጴዛ ወረደ።

ከምቾቱ ጋር መርሳት መጣ። በሰገነቱ ዘመን መሠረት መስመር ሳያሰምሩ አንድ ስንዝር መሄድ አይቻልም ነበር። በኮምፒውተር ግን ገላውን መጀመሪያ አሳምሮ ሠርቶ መያዣውን በኋላ መፈለግ ይቻላል። የቦቴዋ ንድፍ ሠሪ የወደቀችበት ጉድጓድም ይህ ነው።

ሦስት ምስክሮች

ያልረሱትም ነበሩ። የቦይንግ 777 በኮምፒውተር ተነድፎ በኮምፒውተር ውስጥ የተገጣጠመ የመጀመሪያው ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ሲሆን በሰኔ 1994 በረረ። ቦይንግ እንዳስታወቀው የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲገጠም ከፍጹም አሰላለፍ የራቀው በ0.023 ኢንች፣ ማለትም በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነበር። ያን ሁሉ ጎባጣ ቆዳ የሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች ልካቸውን የሚያነሱት ከአንድ የጋራ መነሻ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚሁ ቤተሰብ 777-200ኤልአርን በኅዳር 2010 በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ተረክቧል።

ሁለተኛው ምስክር በስፔን ቢልባኦ በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም ነው። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ ካቲያ የተባለውን የአውሮፕላን ንድፍ ፕሮግራም ወደ ሕንጻ አምጥቶ ሕንጻውን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ውፍረት የታይታኒየም ልብስ አለበሰው። ከውጭ የሚያየው ሰው ቀጥ ያለ ነገር ያለበት አይመስለውም። ውስጡ ያለው ዋና አጥንት ግን በአብዛኛው ከቀጥተኛ ብረቶች የተገጣጠመ ነው፤ ጉብጠቱ የሚመጣው ወደ ውጭ በተደራረቡት ቀላል ንብርብሮች ጥቂት በጥቂት ነው። ኤፍል ከመቶ ዓመት በፊት ያደረገውም ይህንኑ ነበር።

ሦስተኛው የኪሳራ ምስክር ነው። አውሮፕላን ሠሪው ኤርባስ ኤ380 የተባለውን አውሮፕላኑን ሲገጣጥም ከሃምቡርግ የመጡት የሽቦ እስሮች ቱሉዝ ላይ በገላው ውስጥ ሲዘረጉ አጠሩ። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ 530 ኪሎሜትር ያህል ሽቦ አለ። ሁለቱ ከተሞች የሚሠሩበት የካቲያ ፕሮግራም የተለያየ ትውልድ ስለነበር የአንዱ ሞዴል ለሌላው በትክክል አልተሻገረም። መዘግየቱ በሰኔ 2006 ሲታወጅ የእናት ኩባንያው አክሲዮን በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ፤ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ሁለት ከፍተኛ ኃላፊዎች ሥራቸውን ለቀቁ። የሽቦ ርዝመት የሚታወቀው ማያያዣዎቹ ባሉበት ቦታና በመታጠፊያው ልክ ነው፤ እነዚህን ሁለት ቤት በሁለት ዓይን ካያቸው ሽቦው ማጠሩ አይቀርም።

ወደ ቦቴው ስንመለስ

ወጣቷ ምን ታድርግ? የጥንቱን መርከብ ሠሪ ትምሰል። የቦቴውን ገላ ከመሳሏ በፊት የመሐል መስመሩን ትዘርጋ። መሰላሉ ከፊት ጫፍ በሚርቅበት ልክ አንድ ቋሚ ግድግዳ ታቁም፤ ያ ስቴሽኗ ነው። በብራኬቱ ከፍታ አንድ አግድም ገጽ ትዘርጋ፤ ያ የውሃ መስመሯ ነው። ሁለቱ ከላሜራው ጋር የሚቋረጡበት ነጥብ የብራኬቱ አድራሻ ነው። በዚያ ነጥብ ከላሜራው በቀጥታ ወደ ውጭ የሚወጣ መስመር ታውጣ፤ ለመስመሩ ስኳድራ የሆነ፣ ላሜራውን ታክኮ የሚያልፍ ጠፍጣፋ ገጽም ትፍጠር። አሁን የብራኬቱን ፊት ከገጹ ጋር ስታገናኝ ሦስት ነጻነት ይወሰዳል። የቀዳዳውን ዘንግ ከመስመሩ ጋር ስታገናኝ ሁለት። የብራኬቱን ጎን ከስቴሽኑ ጋር ትይዩ ስታደርግ የመጨረሻው። ስድስት ሞላ፤ ጎባጣው ላሜራ ግን አንዴም አልተነካም። ነገ ላሜራው ቢቆረጥ ወይም ቢሰፋ የላሜራውን ፊት የያዘ ግንኙነት ይበጠሳል፤ የስቴሽኑን የያዘው አብሮ ይሄዳል።

ስክሪኑ የማይነግራት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ጠፍጣፋ እግር ጎባጣ ላይ ሙሉ አይቀመጥም። ክፍተቱ የእግሩ ወርድ በራሱ ተባዝቶ ለስምንት እጥፍ የጉብጠቱ ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ራዲየሱ 1,000 ሚሊሜትር በሆነ ቦታ ላይ 100 ሚሊሜትር ወርድ ያለው እግር ዳርና ዳሩ 1.25 ሚሊሜትር ያህል ይነሳል። በያጁ ያንን በብየዳ ሞልቶ ላሜራውን ከሚያጣምም፣ እግሩ ቀድሞ ቢጎብጥ ወይም ማስደገፊያ ቢገባበት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ላሜራን እንደ ድንጋይ የጸና አድርጎ ያያል፤ እውነተኛው ላሜራ ግን በክብደቱ ብቻ ይንቋለላል። ድንጋይ የመሰለ ዕቃ በስድስት ነጥብ ይጸናል፤ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ሰፊና ስስ ላሜራ በፊቱ በኩል ከሦስት የበለጡ ማረፊያዎች እንደሚያስፈልጉት አሳይተዋል።

ንድፍ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ የመጀመሪያ ሳምንት የትእዛዝ ቁልፎችን አታሳዩ። ቱንቢና ውሃ ልክ አስይዟቸውና ከአንድ በርሜል ፊት አቁሟቸው፤ ብራኬቱ የት እንደሚያርፍ ለጓደኛቸው በስልክ ይንገሩ በሏቸው። መነሻ መስመር ሳያስፈልገው መንገር የቻለ ካለ ይህን ጽሑፍ ይቅደደው።